ድሪቶው፣ ጠርዙና ግራ ጆሮዬ

ልጅ እያለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ድሪቶ የሌለበት ቤት አላውቅም ነበር። ያለውም የሌለውም ድሪቶ ነበረው፤ ልዩነቱ፣ ያለው ሰው እንግዳ ሲመጣ ይደብቀዋል። እናቶቻችን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚወጣውን ቁርጥራጭ በጆንያ ያመጡና ቡኒውን ከቀዩ፣ ግራጫውን ከአረንጓዴው እያጋጠሙ ይሰፉታል፤ በውስጡ ያረጀ ባና ወይም የአባት ካፖርት ይገባበታል። ሲያልቅ ክብደቱ ሰው በላያችሁ የተኛ ያህል ነው። የበግ ጠጉርና የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ዝናብ የነካው ቀን ደግሞ በጉ ራሱ አልጋ ውስጥ የገባ ይመስላል። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ በአንድ ድሪቶ ሥር ነበር የምናድረው። መሃል ለመተኛት ሁልጊዜ እንራገጣለን። ታናሽ ወንድሜ አፍንጫዬን በክርኑ መትቶ ያደማኝም እዚያው ውስጥ ነው።

ብርዱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ኅዳር ላይ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ትምህርት ቤት ስንደርስ ጣቶቻችን እርሳስ አይጨብጡም። አስተማሪዎቻችን ግን ዱላውን የሚወዱት በዚያ ሰዓት ነበር። የኔ ዘመን ሰው ይህን ሲያነብ ሳያስበው መዳፉን ያሽ ይሆናል። የሒሳቡ አስተማሪያችን ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነገር ይይዝ ነበር። የአማርኛው በልምጭ ነው፤ ልምጩን የምንቆርጥለት እኛው ነን፣ ቀጭን ካመጣን ደግሞ መልሶ ይልከናል። የሳይንሱ ደግሞ እርሳስ በጣቶቻችን መካከል ያስገባና እጃችንን ጨምቆ ይይዛል። መዳፋችንን በነጭ ሽንኩርት ብናሸው አያምም ይባል ስለነበር ክፍላችን ጠዋት ጠዋት እንደ ወጥ ቤት ይሸታል። ያምም ነበር።

በእረፍት ሰዓት ደግሞ እርስ በርሳችን እንደባደባለን። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረገጥሽ አልረገጥኩም እያልን ፀጉር እንነጫጫለን። ወንዶቹ ከግቢው ጥድ ጀርባ ይቀጣጠሩና ከንፈራቸው አብጦ ይመለሳሉ። ቤት ስንገባ ደግሞ ትምህርት ቤት መመታታችን ከተሰማ እንደገና እንመታለን። አባዬ ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛ ነበር፤ ቀበቶውን ከሱሪው ሲስበው የሚያሰማው ድምፅ ገና ሳይነካን ያስለቅሰን ነበር። ዱላውን እንደ ዝናብና እንደ ብርድ ነበር የምንቆጥረው። ሲመጣ ትሸሸጋለህ፤ ካልቻልክ ትችለዋለህ፤ ሲያልፍ ትስቃለህ። ደግሞም ስቀናል፣ ብዙ ስቀናል።

እናቴ ጌጤ ከሁሉም ትለይ ነበር። የተወለደችው ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ካለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከአባዬ ጋር ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ ሱፍ እየፈተለች፣ ለሰውም ድሪቶ እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከሰው ስትጣላ አይቻት አላውቅም። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ስታስመዘግበኝ ያን ጊዜ እናቶች ሁሉ የሚሉትን ብላ ነበር። አስተማሪዎቹን እጅ ነሥታ፣ «ካጠፋች ግረፏት፤ ዓይኗን ብቻ አደራ» አለቻቸው። እኔም ቀሚሷን ይዤ ቆሜ እሰማ ነበር። ይህን ያለችው ክፋት ኖሯት አልነበረም። ልጅ የሚማረው እንደዚያ ነው ስለተባለች ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ እጅ ሥራ የሚያስተምሩን እትዬ ሮማን የሚባሉ ሴት መጡ። ከሐረር በኩል ተቀይረው ነው የመጡት፤ የኛን ብርድ አልለመዱትም። ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ከላይ ጋቢ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር የሚያስተምሩን። ብቻቸውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እጃቸው ግን ተአምር ነበር፤ የወደቀ ጨርቅ አንስተው ሲያጥፉት እንኳ የሚያምር ነገር ይሆናል። በዚያው እጃቸው ሁልጊዜ የእንጨት ሜትር ይይዛሉ። ጨርቅ የሚለኩበትም እኛን የሚመቱበትም እሱ ነበር። ጎማውንና ልምጩን የለመድን ልጆች ሜትሩን ፈራነው፤ ምክንያቱም እትዬ ሮማን መዳፍ ዘርጊ አይሉም። ያገኙበት ላይ ነው የሚያሳርፉት።

በዚያ ዓመት ለወላጆች ቀን ክፍላችን አንድ ትልቅ ድሪቶ እንዲሠራ ታዘዘ። ከበዓሉ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለጋሽ ወልዴ ሊሰጥ ነው። እሳቸው በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ነበር የሚያድሩት፤ ክረምቱም እየቀረበ ነበር። እትዬ ሮማን እናቶቻችን የማያውቁት ነገር አመጡልን። ድሪቶው ዙሪያውን ጠርዝ ይኖረዋል አሉ፤ ጠርዙም አንድ ወጥ ጨርቅ ሳይሆን ከትንንሽ ቀይና ቡኒ አራት ማዕዘኖች ተገጣጥሞ የሚሠራ። የእናቴ ድሪቶ ዳሩ ታጥፎ ይሰፋል እንጂ ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም። በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲስሉልን ክፍሉ ሁሉ «እሰይ» አለ። ያን ቀን እትዬ ሮማን ፈገግ ሲሉ አየን።

ጠርዙን እንድንሠራ የታዘዝነው እኔና ፋጡማ ነበርን። ፋጡማ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን የመጣችው ሱቅ ካለው አጎቷ ጋር እየኖረች ልትማር ነው። ስፌቷ ከኔ ይሻላል፤ እኔ ደግሞ እናቴን እያየሁ ስላደግሁ ጨርቅ መምረጥ አውቃለሁ። እትዬ ሮማን የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ የድሪቶውን ዳር ለኩ፣ ጠርዙን የዚያኑ ያህል አድርጉ። ዳሩን ለካን። ቁራጮቹን በምሳ ሰዓት ሳይቀር ሰፋን። ጣቶቻችን በመርፌ ተወጋግተው ደም የነካቸው ቀይ ቁራጮች ነበሩ፤ ቀይ በመሆናቸው አይታወቅም ብለን ሳቅን።

ከወላጆች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ ድሪቶው ክፍሉ ወለል ላይ ተዘረጋ። አልተኛም። መሃሉ ለጥ ብሎ ዳር ዳሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በአንዱ በኩል ስንጫነው በሌላው በኩል ብድግ ይላል። አንዱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ቁራጮቹ አልገናኝ ብለው ግማሽ ቀይ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ያን ዕለት ጠዋት ለበዓሉ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሰዎች እንደሚመጡ፣ የእጅ ሥራውንም እንደሚመረምሩ ዳይሬክተሩ ለእትዬ ሮማን ነግሯቸው ነበር። እኛ ይህን አላወቅንም። ያየነው ፊታቸው አመድ መምሰሉን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፋጡማን መቷት። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ስታደርግ ሜትሩ ክንዷ ላይ አረፈ። እኔ የድሪቶውን ጫፍ ይዤ ተንበርክኬ ነበር። እንደታዘዝነው ዳሩን ለክተናል ልላቸው ቀና አልኩ። «እንደነገሩን ነው እኮ...» ከማለቴ የሜትሩ ጠፍጣፋ ጎን ግራ ጆሮዬ ላይ አረፈ። እንደ ተኩስ ነበር የጮኸው። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ፀጥ አለ፤ በፀጥታው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ብቻ ቀረ። ደግመው መቱኝ፤ ትከሻዬ ላይ። የእትዬ ሮማን አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉትን ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር የምሰማው።

ፋጡማ ሻሿን አውልቃ ጭንቅላቴ ላይ አሰረችልኝና ቤቴ ደጃፍ ድረስ አደረሰችኝ። ለእናቴ እንዳልነግራት ወሰንኩ፤ ከነገርኳት አባዬ ይሰማል፣ አባዬ ከሰማ ቀበቶ ይመጣል። ጥርስ አመመኝ ብዬ በጊዜ ተኛሁ። ጠዋት እማዬ ድሪቶውን ከላያችን ገልጣ ስታጥፍ የኔ ራስ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ደምና ሌላ ቢጫ ነገር አየች። ሻሹን ፈታችው። ማን ነው ብላ አልጮኸችም። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችውና ብዙ አየችኝ።

አባዬ ለሥራ እየተዘጋጀ ነበር። ምን አጥፍታ ነው አለ፤ እጁም ወደ ቀበቶው ሄደ። እማዬ በመካከላችን ገብታ ቆመች። አባዬ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ጆሮዬን አይቶ ታምቡሩ ተቀዷል አላት። ይድናል ወይ ስትለው፣ ቁስሉ ይድናል፣ መስማቱን ግን እንጃ አለ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን በጣም አጥብቃ ስለያዘችኝ ጣቶቼ አመሙኝ፤ ግን ልቀቂኝ ማለት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ የወላጆች ቀን ሆነ። እማዬ ለዓመት በዓል የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች፤ እኔንም አለበሰችኝ። ለይቅርታ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ አሰረችበት። ያን ጊዜ ለይቅርታ እንዳልመጣን ገባኝ።

የእጅ ሥራው የቀረበው በትልቁ ክፍል ውስጥ ነው። ድሪቶው ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ እትዬ ሮማን ሌሊቱን ሁሉ ሳይሠሩበት አልቀሩም፣ የሚጠማዘዘውን ጠርዝ እዚህም እዚያም አጥፈው ይዘውታል። ሜትሩ ከጎኑ ተደግፎ ቆሟል። እንግዶቹ ገና አልደረሱም፤ ወላጆችና ልጆች ግን ክፍሉን ሞልተውታል። እማዬ ሰዉን ገፍታ እትዬ ሮማን ፊት አቆመችኝና ሻሹን ከጆሮዬ ላይ አነሣችው።

«ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለቻቸው። አስተማሪን «አንቺ» ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እትዬ ሮማን ጆሮዬን አዩት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ። በቀስታ፣ በኋላ ቢሮ ቢነጋገሩ እንደሚሻል ነገሯት።

«ዓይኗን ብቻ አደራ ብዬ ነበር» አለች እማዬ። «ጆሮዋንም ማለት ነበረብኝ?»

መልስ አልጠበቀችም። ሜትሩን አነሣችው። የመጀመሪያው ምት ትከሻቸውን አገኘው፤ ለሁለተኛው እትዬ ሮማን እጃቸውን አነሡ፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ሲያርፍ የተሰበረው እንጨቱ ይሁን አጥንቱ አልለየሁም። ሁለቱም ተሰብረው ኖሯል። እሳቸውም በደህናው እጃቸው የእማዬን ሹሩባ ጨመደዱ። ተያይዘው ግድግዳውን መቱት፤ ድሪቶው ከነምስማሩ ተነቅሎ በላያቸው ወረደ፣ እነሱም እዚያው ውስጥ ተጠቅልለው ወደቁ። ከሥሩ ሲንቀሳቀሱ፣ ሲጓተቱ፣ ሲማቱ ይታያል። ጨርቁ ሲቀደድ ሰማሁ። ልጆች ይጮኻሉ። አንዳንዶቹ ያጨበጭቡ ነበር፤ ይህንን አልረሳውም፣ በቀኝ ጆሮዬ ጭብጨባ እየሰማሁ እናቴ ወለል ላይ ስትደባደብ አያለሁ። ጋሽ ወልዴና ሁለት አባቶች ጎትተው ሲያላቅቋቸው የእማዬ ግንባር በምስማር ተሰንጥቆ ነጩ ቀሚስ እስከ ደረቱ ደም ሆኗል። እትዬ ሮማን እጃቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ሁለቱም እንደ ደነዘዘ ሰው ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ቀርቶ ነበር።

እማዬን ፖሊሶች ወሰዷት። አባዬ ከፋብሪካው ተጠርቶ ዋስ ሆኖ አስፈታት። አብረው ሲገቡ ፊቱ ጠቁሯል። ሰው ፊት አዋረድሽኝ አላት፤ እኔንም በጣቱ እየጠቆመ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አለኝ። ቀበቶውን ሳበው። ያ ድምፅ። እማዬ ግንባሯ ታስሯል፤ ልትነሣ እንኳ አልቻለችም፣ ከመደቡ ላይ ሆና ነው ያየችው።

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቀበቶ የሱሪ ነው» አለችው።

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። አባዬ ቀበቶውን ይዞ ቆመ። እኔና ወንድሞቼ ግድግዳው ሥር ተጣብቀናል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ቀበቶውን ወደ ቦታው መለሰ፤ ቀዳዳው አልገኝ ብሎት ቆየ። ከዚያ ወዲህ አልመታንም። ደግ ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ጨርቁንም ወንበሩንም ይወረውር ነበር። ሰው ግን አልመታም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ገባበት። በትምህርት ቤቱ ጥድ ሥር ተቀመጡ። የክፍላችን ልጆች ተጠርተው ምን እንዳዩ ተጠየቁ፤ አንዱም አልተናገረም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሰኞ ተመልሰው የሚገቡት እነዚያው አስተማሪዎች ፊት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ፋጡማ ብቻ ብድግ አለች። ክንዷ ገና አልሻረም። «ወላሂ እሷ አላጠፋችም» አለች። «እኛ የለካነው እትዬ እንዳሉን ነው። ዳሩን ለኩ አሉን፣ ዳሩን ለካን።» ተቀመጠች። እትዬ ሮማን በፕላስተር የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር፤ አልካዱም።

ሽማግሌዎቹ እማዬ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። እማዬ እሸከማለሁ አለች፤ ግን እሳቸውም ለልጄ ይሸከሙላት አለች። ጉርምርምታ ሆነ። አስተማሪ ለልጅ ድንጋይ ሲሸከም የት ታይቶ ያውቃል ተባለ። ቀኑ መሸ፤ ነገሩ አልፈታ አለ። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ፣ ሽማግሌ ሳይሆኑ እዚያው ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙት፣ ከፈቀዳችሁልኝ ብለው ተናገሩ። ድሪቶው የኔ ነበር አሉ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ የቀደዱት ሁለቱ ናቸውና ሁለቱ ይስፉልኝ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩና ይሁን አሉ። ክሱም በዚያው እንዲነሣ ተስማሙ።

እትዬ ሮማን ቤታችን የመጡት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እማዬ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ድሪቶውን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። እማዬ የተቀደደውን መሃል በጥቂት ሰዓት አያያዘችው፤ ያንን ታውቅበታለች። ጠርዙን ግን በምላጭ ፈታ ከጎን አስቀመጠችና ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት። በክር የግራውን ዳር ለካች፣ የቀኙን ለካች፤ ሁለቱ አይገናኙም። እንደገና ለካች። አሁንም አይገናኙም።

«መሃሉን ለኪው» አሉ እትዬ ሮማን።

እማዬ ቀና አለች። እሳቸውም ከመደቡ ወርደው በደህናው እጃቸው የክሩን ጫፍ ያዙ። ዳር ሲሰፋም ሲሳብም ይለጠጣል አሉን፤ ልጆችም ጎትተውታል፣ ስለዚህ ዳሩ ከእውነቱ ይረዝማል። ጠርዙን በተለጠጠው ዳር ልክ ካደረጋችሁት ይጠማዘዛል። በመሃሉ ልክ አድርጋችሁ ከሰፋችሁት ግን ዳሩን ሰብስቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በመሃሉ በኩል ስንለካው እውነትም ከሁለቱም ዳር አጠረ። የጠርዙን መሃል ከድሪቶው መሃል፣ ጫፉን ከጫፍ በመርፌ አስያዝን፤ የተረፈውን ልል ጨርቅ ቀስ እያልን ለሁሉም አካፈልነው።

ቁራጮቹ ግን አሁንም አልተካከሉም፤ መጨረሻ ላይ ግማሽ ይተርፋል። እማዬ ምላጩን አነሣች፣ ልትቆርጠው። እትዬ ሮማን አይ አሉ። ከጠርዙና ከመሃሉ መካከል አንድ ወጥ ቡኒ ጨርቅ ቀጭን አድርገን ዙሪያውን እንድናስገባ አሳዩን። ድሪቶው በዚያችው ልክ ሰፋ አለና ግማሹ ሙሉ ሆኖ ገባ፤ ቀይ ከቀይ ማዕዘኑ ላይ ተገናኘ። እማዬ ሳታስበው «እሰይ» አለች። ከዚያ ፊቷ መልሶ ጠቆረ።

«ይህን ካወቁ ያኔ ለልጆቹ ለምን አልነገሯቸውም?» አለች። «እርስዎ» ማለቷን አስተዋልኩ።

እትዬ ሮማን ክሩን ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ መለሱ። ሰዎች ይመጣሉ ሲባሉ ጥድፊያ እንደያዛቸው፣ መሃሉን ማስለካት ትዝ ያላቸው ጠርዙ ወለሉ ላይ ሲጠማዘዝ እንደሆነ ተናገሩ። በራሳቸው ነበር የተናደዱት። ከዚያ የደህናውን እጃቸውን ትንሿን ጣት አሳዩን፤ ጫፏ ወደ ጎን ጠሟል። ስፌት ያስተማሯቸው ሴት የሰበሩባቸው ነው።

«እኔንም በዱላ ነው ያስተማሩኝ» አሉ። «ሲመቱኝ ቶሎ የሚገባኝ ይመስላቸው ነበር።»

«ገባዎት?» አለች እማዬ።

«አልገባኝም። የገባኝ በኋላ፣ ብቻዬን ስሆን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰፉ፤ እትዬ ሮማን በአንድ እጅ ይይዛሉ፣ እማዬ ትሰፋለች፣ እኔ ክር አስገባለሁ። ሲጨርሱ ድሪቶው ወለሉ ላይ ለጥ ብሎ ተኛ። እትዬ ሮማን ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተመለሱና ወደኔ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በጆሮዬ ተናገሩኝ። ትንፋሻቸው ሞቆኝ ነበር። የተናገሩት ግን በግራ ጆሮዬ ነው።

ምንም አልሰማሁም። ረዘም ያለ ነገር ነበር፤ ከንፈራቸው ፀጉሬን ሲነካካ ይሰማኝ ነበር። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነው። ደግመው ይንገሩኝ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን የትኛው ጆሮዬ እንደሆነ የረሱት እሳቸው ናቸው፤ ብነግራቸው ደግሞ እንደገና ፊታቸው አመድ ሊመስል ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸውም እንደገባኝ ቆጥረው ወጡ። እማዬ ምን አሉሽ ስትለኝ ይቅርታ ጠየቁኝ አልኳት፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በሚቀጥለው ዓመት ተቀይረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ አንዱን፣ አንዳንዴ ሌላውን አስቤ እተኛለሁ።

አሁን እናት ሆኛለሁ፤ የምኖረውም እዚያው ከተማ ነው። ድሪቶ የሚሰፋ ሰው እየጠፋ ነው፤ ብርድ ልብስ ከሱቅ ነው የሚገዛው፣ ቀላል ነው፣ ምንም አይሸትም። ልጄ ማኅደር ስድስተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ነክታት አታውቅም። ስለ ሜትሩ የነገርኳት ቀን አፏን ይዛ ሰማችኝና ለምን አልከሰሳችሁም አለችኝ። ሳቅኩ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የምትችል ልጅ ማሳደጌ ደስ አለኝ፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማት አልኩ።

ግን የልጅነቴን ጊዜ ክፉ ነበር ብዬ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ይይዘኛል። እኛ መንገዱን አንፈራም ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥተን እስኪመሽ ሜዳው ላይ ስንሮጥ፣ ፋጡማ በበዓል ጊዜ ብቻዋን አሊዩ አምባ ድረስ ስትወርድ፣ የሚሰጋ ሰው አልነበረም፤ የምንፈራው ክፍሉን ነበር። ማኅደር ክፍሏን አትፈራም። የምትፈራው መንገዱን ነው። በነዚህ ዓመታት ከወደ ኮረብታው ተኩስ ሲሰማ ወንበር ሥር መግባትን ከማንበብ ጋር አንድ ላይ ተምራለች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ደግሞ ሲዘጋ፣ ያለፈውን ወር ቤት ውስጥ አሳለፈችው። እኔ ልጅ ሆኜ ዱላውን እንደ ዝናብ ነበር የምቆጥረው ብያለሁ። እሷም ተኩሱን እንደዚያ መቁጠር ጀምራለች መሰለኝ፤ ድምፁ ሲመጣ ቀና ብላ ታዳምጥና ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሰኞ ትምህርት ተከፍቷል ተባለ። ቁርሷን በላች፣ ቦርሳዋን አዘለች፤ ፀጉሯን አስሬላት እስከ በር ሸኘኋት። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተገናኝተው እየተሳሳቁ ሄዱ። ቀና ስል በየበሩ እንደኔ የቆሙ እናቶች አየሁ። ልጆቹ መታጠፊያውን አልፈው እስኪሰወሩ ድረስ ማናችንም ወደ ቤት አልገባንም።